የጋሼ አሥራት የአደራ መደርደሪያ

ፋና ትባላለች። ይህ ሲሆን ዕድሜዋ ዐሥር ነበር። ቤቷ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ካለ አንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጥርሷ ፍንጭት፣ ምላሷ ፈጣን፣ እግሯ ደግሞ ከምላሷ የባሰ ፈጣን ነው። ስትዋሽ ጆሮዋን ታክካለች። ይህችን ጆሮ ማከክ ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ዛሬ ብቆጣ አትደንግጡ፣ ልጆች። በፋናም እቆጣለሁ፤ ግን በእሷ የምቆጣው ጥቂት ነው። የቀረውን ቁጣዬን ለማን እንዳስቀመጥሁት ታሪኩን ስትሰሙ ታውቃላችሁ።

በፌርፋክስ ስታልፉ የስልክ ሽፋን የሚሸጥበትን ቤት ታዩታላችሁ አይደል? ያ ቤት ያኔ የጋሼ አሥራትና የባለቤታቸው የእትዬ ቦሰና ሱቅ ነበር። ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ በሶ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ጧፍ አለ። የት እንዳለ የሚያውቁት ግን ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። እትዬ ቦሰና ሽሮ መዝነው ሲያበቁ አንድ ጭልፋ ጣል ያደርጋሉ። "ይኼ ደግሞ ምርቃት ነው" ይላሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ የትኛው ትልቅ ሱፐርማርኬት ነው ምርቃት የሚሰጣችሁ? "የማን ልጅ ነሽ?" ብሎ የሚጠይቃችሁስ የትኛው ነው? አንድም የለም።

ከባንኮኒው ጀርባ አንድ መደርደሪያ ነበረ። የሚሸጥ ነገር አይቀመጥበትም። የአደራ ነው። ከአገር ቤት የመጣ መንገደኛ፣ ሰው የላከውን ዕቃ እዚያ ይተዋል፤ ባለቤቱ ከክሬንሾው ወይም ከካልቨር ሲቲ ሰፈር ሲመቸው መጥቶ ይወስዳል። የሚተወው ሰው "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ይላል። ጋሼ አሥራትም "ጥብቅ ነው" ይላሉ። ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ክፍያም የለም። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሠራ አንዲት መርፌ ጠፍታ አታውቅም።

ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ ትናንሽ በርጩማዎች ነበሩ። እነሱ እናንተን የመሰሉ ልጆች መቀመጫ ናቸው። የፋና አባት ንጋቱ ታክሲ ይነዳል። እናቷ ፓርኪንግ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ ሁለቱም ሥራ ናቸው። ስለዚህ ንጋቱ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲውን ሱቁ ደጃፍ ያቆምና "ጋሼ፣ ፋናን አደራ" ብሎ ይሄዳል። ፋና እዚያ ታነባለች፣ እዚያ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እዚያ ምሳዋን ትበላለች።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ፋና በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ "እጾማለሁ" ብላ ተነሣች። እትዬ ቦሰና ለገበያተኛው ሁሉ "ፋናዬ ትጾማለች እኮ! አየሃት?" እያሉ አወሩላት። ፋናም ደስ አላት፤ ትንሽ ኮራ ኮራ አለች።

በዚያው ሰሞን አንድ መንገደኛ አንድ ጣሳ አምጥቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ክዳኑ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። የላኩት ፍቼ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። የተላከው ከከተማው ወጣ ብሎ ቶራንስ ለምትኖረው ልጃቸው ለሥርጉት ነው። ሥርጉት በቅርቡ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ጋሼ አሥራት ስልክ ደወሉላት።

"ድራይቭ አድርጌ ላምጣልሽ?" አሏት።

"ኧረ ለእኔ ብለው ሱቅ አይዝጉ፣ ጋሼ። ልጁ ክርስትና ሲነሣ እኔው መጥቼ እወስዳለሁ" አለች።

ጣሳው ውስጥ ምን ነበረ መሰላችሁ? ጭኮ! የማታውቁት ካላችሁ ልንገራችሁ። የገብስ በሶ በተነጠረ ቅቤ ይለወሳል፣ ኮረሪማ ይገባበታል፣ ከዚያ በደንብ ይታሻል። ለአራስ ኃይል ይሰጣል። ሽታው ደግሞ ጨርቅ አይዘውም። የጣሳው ቦታ ከፋና ራስ በላይ ነበርና ሽታው ቀጥ ብሎ አፍንጫዋ ላይ ወረደ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ፋና ቀና ብላ አየችው። "ላየው ብቻ" አለች። በሁለተኛው ቅዳሜ እትዬ ቦሰና ደንበኛ ሲያስተናግዱ፣ ጋሼ አሥራት ጓሮ ካርቶን ሲያወርዱ፣ በርጩማዋ ላይ ቆማ ጨርቁን ፈታች። "ጣቴን ብቻ" አለች። ጣቷን ነክራ ላሰች። ጨርቁን መልሳ አሰረች። ልጆች፣ "ብቻ" የሚባለውን ቃል ጠርጥሩት! ብዙ ሰው ገደል የገባው "ይቺን ብቻ" እያለ ነው።

ሌላ ቅዳሜ መጣ። አሁን ጣት ቀርቶ እፍኝ ሆነ። ያን ጊዜ እትዬ ቦሰና ድንገት ብቅ አሉ።

"ፋናዬ፣ ምነው ፊትሽ ቀላ? ጾሙ ከበደሽ እንዴ?"

"ኖ፣ አይ አም ኦኬ፣ እትዬ።" ጆሮዋን አከከች።

"ጎበዝ! የኔ ጾመኛ!" አሉና ትኩስ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ፋና ቅቤ በነካ እጇ ዳቦውን ተቀበለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጣሳው ቀለለ። አንድ ቀን ፋና ብታነሣው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ደነገጠች። ያኔ ብትናገር ኖሮ ነገሩ በልቅሶና በቁጣ ባለቀ ነበር። ግን አንዱን ጥፋት በሌላ ጥፋት መሸፈን ፈለገች። ከሱቁ ጆንያ በሶ ዘገነች። ከመደርደሪያ የምግብ ዘይት አንሥታ ለወሰችው። ጣሳው ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በመዳፏ ደልድላ፣ ጨርቁን አሰረች። "ያው ነው" አለች ለራሷ። ጆሮዋን ግን ብቻዋን ሆና እንኳ እያከከች ነበር።

ሥርጉት ልጇን ክርስትና ካስነሣች በኋላ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ጋሼ አሥራት ጣሳውን በሁለት እጃቸው ሰጧት። እሷም ተቀብላ ሳመችው። ጣሳውን ሳመችው፣ ልጆች!

"እማዬ እጇን ያማታል" አለች። "ዘንድሮ ጭኮ አልችልም ብላ ነበር። ለእኔ ስትል ግን አሸችው።"

ፋና በርጩማዋ ላይ ሆና ሰማች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ሥርጉት ቶራንስ ቤቷ ገብታ ጨርቁን ፈታች። የዘይት ሽታ መጣ። ቀመሰችው። እናቷ በዘይት አይለውሱም። በሶውንም አወቀችው፤ ሸካራው የሱቁ በሶ ነው፣ ሁላችንም እንገዛው ነበር። አለቀሰች። ጓደኛዋ ጋ ደውላ "ምን ሆኖ ይሆን?" ብላ ጠየቀች። ይኸው ነው ያለችው፤ ማንንም አልከሰሰችም።

ጓደኛዋ ግን ለሌላዋ ነገረች። ሌላዋ ለባሏ፣ ባሏ ለታክሲ ነጂዎች። "ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" ይባላል። ሐሳብ የጨመረበት አልነበረም፤ ሁሉም ወሬ ጨመረበት እንጂ! "ምን ሆኖ ይሆን?" የተባለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ "አሥራትና ቦሰና የአራስ ጭኮ ሸጠው ጣሳውን በሱቅ በሶ ሞሉት" ሆነ። ግርማ የሚባል የንጋቱ የታክሲ ጓደኛ ደግሞ "ድሮም ነጻ አገልግሎት ሲባል ጠርጥሬ ነበር" አለ። ራሱ የእናቱን በርበሬ ስንት ዓመት ከዚያ መደርደሪያ ሲወስድ የኖረ ሰውዬ! ምነው ያኔ አልጠረጠረ?

ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ዕቃቸውን ወሰዱ። "ጋሼ፣ ያቺን ሻንጣ ራሴ ባደርሳት ይሻላል።" "እትዬ፣ ፌስታሌን ፈልጌው ነበር።" ምክንያቱን የሚናገር የለም። ዓይን የሚያይም የለም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እነሱ ግን መውደቁን እንኳ አላጣሩም። ሽሮም ሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። እትዬ ቦሰና ባዶውን መደርደሪያ በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ምንም አቧራ የለበትም፤ ዝም ብለው ይወለውሉታል።

ጋሼ አሥራት አንድ ቅዳሜ ፋናን ጠሯት።

"ፋናዬ፣ እዚህ ስትውዪ ያቺን ጣሳ የነካ ሰው አይተሻል?"

"አላየሁም፣ ጋሼ።" ጆሮዋን አከከች።

"እሺ፣ የኔ ልጅ" አሉና ተዉአት። ምን ብለው ይጠርጥሯት? ጾመኛ ልጅ ቅቤ ትበላለች ብሎ ማን ያስባል?

ሆሣዕና መጣ። ፋና ነጭ ለብሳ፣ የዘንባባ ቀለበት ጣቷ ላይ አድርጋ፣ ከልጆች ጋር ለመቁረብ ተሰለፈች። ሰልፉ ወደ ፊት ሄደ። ከፊቷ የነበረው ልጅ ሲቀርብ፣ ፋና ከሰልፉ ወጣች። ሮጣ ወደ ጓሮ ሄደች። አያችሁ፣ ሰውን ማታለል ይቻላል። እዚያ ፊት ቀርቦ ግን ጆሮ ማከክ አይረባም።

ከቅዳሴ በኋላ ንጋቱ ወደ መኪናው ወሰዳት። እናቷ የከሰዓት ሥራ ነበረባትና ቀድማ ሄዳለች።

"ለምንድነው ከሰልፉ የወጣሽው?" አላት።

ፋና የዘንባባ ቀለበቷን ታዞር ጀመር።

"ኦኬ። ሌላም ነገር አለ። ከእንግዲህ ጋሼ አሥራት ጋ አትውዪም። ግርማ ሁሉንም ነግሮኛል። አደራ በሊታ ሰዎች ናቸው።"

"ኖ! አይደሉም!" ብላ ጮኸች።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። የበላሁት እኔ ነኝ።"

ንጋቱ ያስነሣውን መኪና መልሶ ፓርክ አደረገ። ፋና ሁሉንም ነገረችው፤ ጣቷን፣ እፍኙን፣ በሶውን፣ ዘይቱን። ተቆጣ፣ ጮኸ፣ መሪውን መታ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን አለ መሰላችሁ?

"በቃ፣ ለጋሼ ቀስ ብዬ እኔው እነግራቸዋለሁ። ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ። ሰው ምን ይለናል?"

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው! የጋሼ አሥራትን ስም ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ፣ ቡና በእጁ ይዞ፣ ከግርማ ጋር ሲያብጠለጥል "ሰው ምን ይላቸዋል?" አላለም። የራሱ ስም ሲመጣ ግን በሹክሹክታ ይለቅ አለ። ሃያ ዓመት የተጠበቀ ስም እንዲህ ነው የሚጣለው?

ፋና እንባዋን ጠረገች። "ዳዲ፣ የእነሱን ስም ግን ሰው ሁሉ ፊት ነው ያነሣችሁት" አለችው።

ፋና የመኪናውን በር ከፍታ ወደ አዳራሹ ሮጠች። ፈጣን እግር አላት ብያችሁ ነበር። አባቷ ከኋላዋ ተከተለ፣ ግን አላስቆማትም።

በአዳራሹ ሰው ጠበል ጻዲቅ እየቀመሰ ነበር። ግርማ አለ። ሥርጉትም ሕፃኗን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፋና ወንበር ላይ ወጣች።

"ኤክስኪዩዝ ሚ!" አለች። "የሥርጉትን ጭኮ የበላሁት እኔ ነኝ። በጾም ነው የበላሁት። ከዛ በሶ ከሱቁ ወስጄ በዘይት ሚክስ አድርጌ ሞላሁት። ጋሼ ምንም አላደረገም። እትዬም ምንም አላደረገችም። ሶ... እነሱን አትሳደቡ።"

ጆሮዋን አላከከችም።

ሥርጉት ተነሥታ ወደ እሷ መጣች። ፋና ልትመታኝ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጥሞሽ ነበር?" አለቻት ሥርጉት።

ፋና ዓይኗን ከፈተች። "አዎ።"

"ኮረሪማው ይሰማ ነበር?"

"በጣም።"

"ቅቤውስ?"

"እጄን ታጥቤም ይሸተኝ ነበር።"

የሥርጉት እንባ ወረደ። "እማዬ ናት" አለች። "እንዲያ ነው የምትሠራው። እኔ ሳልቀምሰው ቀረሁ። አንቺ ንገሪኝ እንግዲህ።"

ያኔ ፋና የበላችው ምን እንደሆነ ገባት። ጭኮ ብቻ መስሏት ነበር። የሥርጉት እግር ላይ ወድቃ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ሥርጉት በአንድ እጇ ሕፃኑን ይዛ በአንድ እጇ አነሣቻት። "ይቅር ብዬሻለሁ። ቶሎ ግን አልረሳውም" አለቻት። እውነተኛ ይቅርታ እንዲህ ነው፤ አይዋሽም።

ትልልቆቹስ? "ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ!" ብለው ሳቁ። ግርማ "እኔኮ ድሮም አላመንኩም" አለ! ውሸታም! ይህን ስል ይቅር በሉኝ፣ ልጆች፤ ግን ሌላ ስም የለውም። ከዚያ ሁሉም ዘንባባውን እንደያዘ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ተያይዞ ወደ ሱቁ ሄደ።

ፋና ቀድማ ገባችና በራሷ አንደበት ነገረቻቸው። እትዬ ቦሰና ባንኮኒውን ተደገፉ።

"ያን ዳቦ ስሰጥሽም?" አሏት ቀስ ብለው።

"አዎ፣ እትዬ። ያኔም።"

እትዬ ቦሰና ፊታቸውን አዞሩ። ከደቂቃ በኋላ መለስ ብለው "ነይ" አሏትና ራሷን ሳሟት።

ከበሩ ሰዎቹ "ጋሼ፣ ይቅርታ! ሻንጣችንንም እንመልሳለን!" አሉ። ጋሼ አሥራት ተነሡ። ቁመታቸው ረጅም ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሰማን።

"ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብዬ ሃያ ዓመት አደራችሁን ጠበቅኩ! የአንዳችሁንም ፌስታል ከፍቼ አላየሁም። ከእናንተ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ፣ መጥቶ 'አሥራት፣ ምን ሆነ?' አላለኝም። ይቺ ልጅ ጭኮ በላች። እናንተ እኔንና ሚስቴን በላችሁ! እሷ መጥታ ተናገረች። እናንተ እሷ ባትናገር ኖሮ ትመጡ ነበር?"

ወደ ባዶው መደርደሪያ ጠቆሙ።

"ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የዕቃ አደራ የለም።"

እንዳሉትም አደረጉ። በነጋታው የመደርደሪያውን ሳንቃ ፈትተው አወረዱት። ከዚያ ወዲህ በፌርፋክስ የአደራ መደርደሪያ አልነበረም። መንገደኛ በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ ሰው በየፍሪዌዩ ይንከራተት፣ ኤርፖርት ደጃፍ ይቁም! ባለቤቶቹ በኋላ አርጅተው ሱቁን ሲዘጉ "ወይኔ፣ የድሮ ሱቅ!" ብለው የተከዙትም እነዚያው ናቸው። እኔ ግን አላዝንላቸውም።

ፋሲካ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ንጋቱ ፋናን ይዞ ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ሌላ የሚያደርሳት ቦታ አልነበረውም። በሌላ እጁ ደግሞ ፌስታል አለ፤ አንድ መንገደኛ "ለዘመዴ አስቀምጥልኝ" ብሎት ነው። ሁለቱም ለመግባት ፈሩ።

ጋሼ አሥራት ከውስጥ አዩአቸው። "ፌስታሉ ወደ መኪናህ ይመለስ" አሉ።

"እሺ፣ ጋሼ።" ንጋቱ የፋናን እጅ እንደያዘ ዞረ።

"ወዴት ትወስዳታለህ? ልጅቷ ትግባ እንጂ!"

"ጋሼ፣ እሷም እኔም እንዲያ አድርገንዎት..."

"የዕቃ አደራ የለም አልኩ። የሰው አደራ የለም አላልኩም። ሰው እዚህ ከተወው ሁሉ ትልቁን አደራ የተውክልኝ አንተ ነህ፤ እሷን። ዛሬ ከደጅ ብመልሳት፣ ያኔ እውነትም አደራ በሊታ ነኝ።"

ንጋቱ አንገቱን ደፋ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙትና ወደ ሥራው ላኩት።

ፋና ገባች። መደርደሪያው በነበረበት ባዶ ግድግዳ ሥር በርጩማዋ ቆሟል። እትዬ ቦሰና በትንሽ ሳህን ጭኮ አምጥተው አጠገቧ አስቀመጡ። ትኩር ብለው አዩዋት። ቅቤው ይሸታል። ፋና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

"እትዬ፣ መብላት እችላለሁ?"

"ብዪ፣ የኔ ልጅ። ከጠየቅሽማ ብዪ።"

ልጆች፣ የሰው አደራ አትንኩ፤ ነክታችሁ ከተገኛችሁም በእናንተ ጥፋት የሌላ ሰው ስም ሲጠፋ አንድ ቀን እንኳ ዝም አትበሉ።